በጎጃም ንግግር ውስጥ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው ክረምት ታናሽ ወንድሜ ከቢቸና አጭር መልእክት ላከልኝ። «በሬው ይበላል» ይላል፣ ሌላ ቃል የለውም። በሬው ታሞ ሣር ከተወ ሦስት ቀኑ ነበር። «በቃ፣ ተስፋ ቆርጠው ሊያርዱት ነው» ብዬ አዘንኩ። ስደውል ለካ ድኖ መብላት ጀምሯል!

አንዱ ስህተት ይኸው ነው፤ መጥበቅና መላላት በፊደላችን እንደማይታይ እንረሳለን። «ይበላል» ሲላላ በሬው በላተኛ ነው፣ ሲጠብቅ ደግሞ ተበይ። ስናወራ ጆሮ ይለየዋል። ስንጽፍ ግን አንባቢው የሚይዘው ፊደሉን ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ቃል ጨምሩ። ወንድሜ «በሬው ሣር ይበላል» ቢለኝ ኖሮ አልደነግጥም ነበር።

ሰላምታን መቁረጥም አለ። ስልኩ እንደተነሳ «ያ ገንዘብ ምን ሆነ?» አይባልም። እናቴ ከብቱን፣ ቡቃያውን፣ ጎረቤቱን ሳትጠይቅ ወደ ጉዳይ አትገባም። ጊዜ ማባከን እንዳይመስላችሁ። በቤት ክፉ ነገር ካለ የምታውቀው ከመልሱ ድምፅ ነው።

ከአዲስ አበባ የሚመጡ ልጆች «አንቱ» ሲሰሙ ይስቃሉ። እዚያ «እርስዎ» ቦታውን ይዞታል። በእኛ ገጠር ግን «አንቱ» ዛሬም ሕያው የአክብሮት ቃል ነው። የባሰው መቀላቀሉ ነው፤ «አንቱ፣ መቼ መጣህ?» የሚሉ ሰምቻለሁ። «አንቱ» ካሉ «መቼ መጡ?» ነው።

ጎጃም እነዋሸራን፣ እነጎንጅን የመሳሰሉ የቅኔ ትምህርት ቤቶችን ያፈራ የቅኔ አገር ነው። ጉባኤ ቃና የሚባለው የቅኔ ዓይነት በ2 ስንኝ ብቻ ሰሙንም ወርቁንም ይይዛል። ይህ ልማድ ወደ ዕለት ንግግራችንም ገብቷል። ብድር የጠየቃችኋቸው ሽማግሌ «እስቲ፣ እግዜር ያውቃል» ካሉ እምቢ ማለታቸው ነው። «አዎ ወይስ አይ?» ብሎ ማፋጠጥ ነውር ነው። የሸፈኑት እናንተን ላለማሳፈር ነውና።

ግን ሐኪም ፊት መሸፈን ሌላ ነገር ነው። አክስቴ «ሆዴን አልመች አለኝ» ብቻ ብላ ማስታገሻ ይዛ ተመለሰች። ከሰገራዋ ጋር ደም እንደሚወጣ ያወቅነው ከሳምንት በኋላ ነው። አፍራ ነው። ዛሬ ደህና ናት፣ ያን ሳምንት ግን አልረሳውም። በጤና፣ በገንዘብና በቀጠሮ ጉዳይ ሰም አያስፈልግም። መቼ ጀመረ? የት ያማል? ደም አለው? በግልጽ ይነገር።

እንጅባራ ስትሄዱ ደግሞ ሁሉም በአማርኛ አፉን የፈታ አይምሰላችሁ። የአዊ ሰው የራሱ ቋንቋ አለው። አማርኛው ያዝ ካደረገው ታገሡት፣ አትሳቁበት።

ከሁሉም የሚያመኝ ሞትን በስልክ ማርዳት ነው። በእኛ ወግ መርዶ ነጋሪዎች ተሰባስበው ማለዳ ይሄዳሉ። ሰው ብቻውን እንዳይወድቅ፣ የሚይዘው እጅ እንዲኖር ነው። አሁን ግን ሬሳው ሳይቀበር ፎቶው ፌስቡክ ላይ ይለጠፋል፣ «ነፍስ ይማር» ይባልበታል። ልጁ ባሕር ዳር ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ የአባቱን ሞት ያነባል። እባካችሁ፣ ከመለጠፋችሁ በፊት «ልጆቹ ሰምተዋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካልሰሙ ስልኩን አስቀምጡት። ሁለት ሽማግሌ ይዛችሁ በጠዋት ሂዱ።