የፕሮሰሰሩን ኢንፑት በቶን ብቻ አትመኑት፤ ከበሮ አሰሙት

ደብረ ማርቆስም ሁኑ ፍኖተ ሰላም፣ ኤፍኤም ጣቢያ ላይ ለምትሠሩ ቴክኒሻኖች ነው። ጋዜጠኛው ሲያወራ ድምፁ ጥርት ይላል፤ የእስክስታ ዘፈን ሲገባ ግን ከበሮው ይሰነጠቃል? ማሰራጫውን ከመነካካታችሁ በፊት የፕሮሰሰሩን (ድምፁን ወደ ማሰራጫው ከመግባቱ በፊት የሚያስተካክለውን መሣሪያ) ኢንፑት እዩ።

ብዙዎቻችን ከሚክሰሩ 1 ኪሎኸርዝ ቶን (የሙከራ ድምፅ) በ0 ቪዩ (የሚክሰሩ የድምፅ መጠን መለኪያ መርፌ 0 ላይ ሆኖ) እንልክና፣ ኢንፑቱን በዚያ አስተካክለን እንተወዋለን። ቶን ግን ወጥ ነው፤ ከፍ ዝቅ የለውም። የቪዩ መርፌ ደግሞ ቀርፋፋ ነው፤ ልኩ ላይ ለመድረስ 300 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። የከበሮ ምት እስከዚያ መጥቶ አልፏል። መርፌው 0 ላይ ሲወዛወዝ እውነተኛው ጫፍ ከዚያ 10 ዲቢ (ዴሲቤል) እና ከዚያም በላይ ሊዘል ይችላል።

ስለዚህ ከቶኑ በኋላ ከበሮው የጎላበት ዘፈን ክፈቱ። ዓይናችሁ የፕሮሰሰሩ የራሱ ፒክ ሜትር (የድምፅን ጫፍ የሚለካው) ላይ ይሁን። ትልቁ ምት ሲመታ ከቀዩ በታች 6 ዲቢ ያህል እስኪተርፍ ኢንፑቱን ዝቅ አድርጉ። ከዚያ ጋዜጠኛው ያውራ። ድምፁ ትንሽ ቢያንስ አትደንግጡ፤ ኤጂሲው (የድምፁን መጠን በራሱ የሚያስተካክለው የፕሮሰሰሩ ክፍል) ያነሳዋል። ኢንፑት ላይ የተቆረጠን ድምፅ ግን ከዚያ ወዲያ የሚመልሰው የለም፤ እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ሚክሰሩ ራሱ ቀይ እየነካ ከሆነ ይሄ አይሠራም፤ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። ቶኑንም አድማጭ እየሰማ አትልቀቁት፤ ሥርጭት ሲዘጋ ይሁን።