የቆሰለ ድኩላን ዱካ ተከትሎ እንዴት ማግኘት ይቻላል

ከቡሬ ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ ያደገ ሰው ድኩላን ከማየቱ በፊት ይሰማዋል፤ የሰው ጠረን ሲደርሰው ጥሻ ውስጥ ሆኖ እንደ ውሻ ይጮኻልና። ይህን እንስሳ መምታት ያን ያህል ከባድ አይደለም፤ ከባዱ ተመትቶ ጥሻ የገባውን ማግኘት ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ከአጎቴ ጋር ለአደን በወጣሁባቸው ዓመታት የተማርሁትን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንዱን ድኩላ በራሴ ችኮላ ካጣሁ በኋላ የገባኝን ነው። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በሕግ የተከለከለ ስለሆነ፣ የምናገረው ፈቃዱን ይዞ ለሚወጣ ሰው ብቻ ነው።

ጥይቱ እንደወጣ ሌላ ጥይት አጉርሳችሁ ካላችሁበት አትንቀሳቀሱ። እንስሳው በዚያች ቅጽበት የሚያሳየው ሁኔታ በኋላ ከሚገኘው ደም ባላነሰ ብዙ ነገር ይናገራል። ልቡን ወይም ሳንባውን የተመታ አብዛኛውን ጊዜ ዘሎ በፍጥነት ይሮጣል፤ ሆዱን የተመታ ጀርባውን አጉብጦ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ አጥንቱ የተሰበረ እግሩን ያንጠለጥላል። ከዓይናችሁ የተሰወረበትን ዛፍ ወይም ድንጋይ ለይታችሁ ያዙ፣ የተኮሳችሁበትንም ቦታ ጨርቅ አስራችሁ ምልክት አድርጉበት፤ ሸለቆውን ተሻግራችሁ ስትደርሱ፣ ከማዶ ልዩ መስሎ የታያችሁ ጥሻ ከሌላው የማይለይ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ከዚያ ድኩላው ቆሞበት ወደነበረው ቦታ በጸጥታ ሂዱና የወደቀውን ጠጉርና ደም ተንበርክካችሁ መርምሩ። አረፋ ያለው ፈካ ያለ ቀይ ደም ከሳንባ የመጣ ነው፤ ጠቆር ያለው ጉበትን ያመለክታል። ፈርስ የተቀላቀለበትና የሚሸት ከሆነ ጨጓራው ወይም አንጀቱ ተመትቷል። መጀመሪያ በርከት ብሎ ወዲያው እየሳሳ የሚሄድ ደም ከአጥንት ስብርባሪ ጋር ከተገኘ የተመታው እግር ነው። ደም አለመታየቱ ግን ጥይቱ ስቷል ማለት አይደለም፤ ጥይቱ ከላይ ገብቶ ሳይወጣ ከቀረ ደሙ በውስጥ ይጠራቀማል እንጂ ወደ ውጭ አይፈስም። ስለዚህ ሳትሁ ብሎ ከመመለስ በፊት ቢያንስ ሁለት መቶ እርምጃ ዱካውን መከተል የአዳኙ ግዴታ ነው።

አሁን የሚመጣው ለሁሉም ሰው የሚከብደው ነገር ነው፤ መቀመጥ። የተመታ ድኩላ የሚያባርረው ከሌለ ብዙ ሳይርቅ ጥሻ ውስጥ ይተኛል፤ ከተኛ በኋላም ሰውነቱ እየደከመ ሄዶ ብዙውን ጊዜ እዚያው ይሞታል። ቶሎ ከተከተሉት ግን ፍርሃት በሚሰጠው ኃይል ተነስቶ፣ ደሙም እየቀነሰ፣ ሩቅ ይሄዳል። ሳንባውን ለተመታ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ለጉበት ሦስት ሰዓት ያህል፣ ለሆድ ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ መጠበቅ ያስፈልጋል። እግሩ የተሰበረው ብቻ ከዚህ ይለያል፤ እሱ ተኝቶ ስለማይሞት ሳይዘገዩ መከተል ይገባል።

በእኛ አገር ሰውን የሚያስቸኩሉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው እንስሳው በክት እንዳይሆን ነፍሱ ሳትወጣ ደርሶ የማረድ ፍላጎት ነው። ዓይናችሁ እያየ ከወደቀ ሮጣችሁ ማረዳችሁ ትክክል ነው፤ ጥሻ ከገባ በኋላ ግን ሩጫ እንስሳውን ያርቀዋል እንጂ በሕይወት አያደርስም። ሁለተኛው ጅብ ነው፤ እኔንም ያሳሳተኝ እሱን መፍራቴ ነው። በአንድ የኅዳር ምሽት፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ከፈጣም ወንዝ በላይ ካለ የማሽላ እርሻ ጥግ አንድ ወንድ ድኩላ መታሁ። ጀርባው ሲጎብጥ አይቻለሁ፤ ሆዱን እንደመታሁት ማወቅ ነበረብኝ። አጎቴ «ተው ልጄ፣ ይተኛ» እያሉኝ ሮጥሁ። ሦስት ጊዜ ከተኛበት አስነሳሁት፤ በሦስተኛው ወንዙን ተሻገረና ጨለማው ዋጠው። ሌሊቱን ሙሉ የጅቦቹን ጩኸት እየሰማሁ አደርሁ፤ ሲነጋ ያገኘሁት ቀንዱንና የተቦጫጨቀ ቆዳውን ነበር። ዱካውን ወደ ኋላ ስከተል የመጀመሪያው ማረፊያው ከተመታበት ቦታ ሰማንያ እርምጃ እንኳ አይሞላም። ያን እንስሳ እስከ ሌሊት ያሠቃየሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ካለፈ አልተኩስም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሆዱን የተመታ ድኩላ ስድስት ሰዓት ቢጠበቅም ገና ቀን ነው፤ ጅቡም ጉድጓዱ ውስጥ ነው። ሳይታሰብ መሽቶባችሁ ከሆነ ደግሞ በቆላ ውስጥ እስከ ንጋት መተው ለጅብ መስጠት ስለሆነ፣ ሁለት ሦስት ሰዓት ጠብቃችሁ፣ ሁለት ሰው ሆናችሁ፣ ጥሩ ባትሪ ይዛችሁ በዝግታ ግቡ። የስልክ መብራት ለዚህ ሥራ አይበቃም፤ አጭር ርቀት ብቻ ስለሚያበራ ደሙን ከደረቅ ቅጠል መለየት ያስቸግራል።

ስትከተሉ ከዱካው ጎን እንጂ በላዩ አትራመዱ፤ የረገጡት ምልክት ተመልሶ አይነበብም። አንዱ ሰው መጨረሻ የታየው ደም ላይ ቆሞ ሌላው ቀጣዩን ይፈልግ። በየጠብታው ቦታ ቁራጭ ሶፍት ቅርንጫፍ ላይ ብታንጠለጥሉ፣ ወደ ኋላ ዞራችሁ ስትመለከቱ እንስሳው የያዘው አቅጣጫ ግልጽ ሆኖ ይታያችኋል። ጠዋትና ማታ ፀሐይን ፊት ለፊት አድርጋችሁ ብትመለከቱ የኮቴው ጠርዝ ጥላ ስለሚጥል ዱካው ይጎላል። መሬቱን ብቻ ሳይሆን በድኩላው ሆድ ቁመት ያለውን ሣርና ቅጠልም ተመልከቱ፤ ብዙ ደም የሚታበሰው እዚያ ላይ ነው። ቀይ ነጥብ ያለበት ቅጠል ሲያጠራጥራችሁ፣ በመድኃኒት ቤት ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠውን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጠብ አድርጉበት፤ ደም ከሆነ አረፋ ያወጣል። ውሻ ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል፤ ነገር ግን በገመድ ተይዞ መሄድ አለበት፣ ከተለቀቀ የተኛውን ያስነሳል።

ደሙ ሲጠፋ ተበታትኖ መሮጥ ያለውንም ዱካ ያጠፋል። መጨረሻ ደም ከታየበት ቦታ ተነስታችሁ እየሰፋ በሚሄድ ክብ ዙሩ፣ ዝንብ የሚሰበሰብበትን ቦታ አስተውሉ፣ ከዚያ ቁልቁል ወደ ውኃውና ወደ ጥቅጥቅ ያለው ጥሻ ፈልጉ፤ ደካማ እንስሳ ዳገት መውጣት ይከብደዋል። ሳይገኝ ካደረ፣ ሲነጋ ጥንብ አንሣ የሚያንዣብብበትን አቅጣጫ ተከተሉ።

ተኝቶ ስታገኙት በቀጥታ አትቅረቡት። ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ነው፤ የቆሰለ ወንድ ድኩላ ግን ዞሮ ሰው ይወጋል። ከኋላው፣ ከዳገቱ በኩል ቅረቡና በረጅም ዱላ ዓይኑን ነካ አድርጉት፤ ካርገበገበ ሕይወት አለውና ሥቃዩ እንዳይረዝም ወዲያው ይፈጸም። ሞቶ የተገኘውን መብላት አለመብላት የእያንዳንዱ እምነት ጉዳይ ነው። የምትበሉት ከሆነ፣ የቆላው ሙቀት ጊዜ ስለማይሰጥ ሆድ ዕቃውን እዚያው አውጡ፣ ፈርስ የነካውን ሥጋ ከነዙሪያው ቆርጣችሁ ጣሉ፣ የቀረውንም ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ሰቅላችሁ ካቀዘቀዛችሁ በኋላ ተሸከሙት።