የላንዲኒ ባላታ ለትሪዮ፦ ለካ ጉዱ ፍላቷ ጋ ነው
3 ቀን የበላብኝ ነገር ነው፣ እናንተ እንኳን ተገላገሉ። የፍራንቸስኮ ላንዲኒን (1397 ፍሎረንስ ያረፈው ዓይነ ስውሩ ኦርጋኒስት) አንድ ባለ 3 ድምፅ ባላታ (የ14ኛው ክፍለ ዘመን የጣሊያን ዘፈን ዓይነት) ለፍሉት፣ ለቫዮላና ለቼሎ ሙዝስኮር የሚባለው የኖታ መጻፊያ ሶፍትዌር ላይ አስገባሁና ሳጫውተው የላይኛው ዜማ ፍዝዝ አለ፣ ማረፊያው ላይ ደሞ አልዘጋም አለኝ። ኪውን (የዜማውን መነሻ ቅኝት) ቀየርኩ፣ ምንም። ኮንትራቴኖሩን (ለቫዮላ የሰጠሁትን ድምፅ) አንድ ኦክታቭ ባወርደው ጭራሽ ባሰበት፣ ከቴኖሩ (ከቼሎው ድምፅ) ስር ገብቶ በሁለቱ መሀል ያለው የአምስተኛ ርቀት ሁሉ አራተኛ ሆነ። ለካ ኦሪጅናሉ ላይ ፍላት (ኖታን በግማሽ ድምፅ የምታወርደው ምልክት) ያለው ታችኞቹ ሁለቱ ላይ ብቻ ነው፣ ሙዝስኮር ግን አንዱ ላይ ስታስቀምጡ ለሦስቱም ያዳርሰዋል! መፍትሄው ኮንትሮል ተጭኖ ኪ ሲግኔቸሩን (መስመሩ መጀመሪያ ላይ የሚቀመጠውን የፍላት ምልክት) ወደሚፈለገው መስመር ብቻ መጎተት ነው። ከዛ ኤፍ ላይ ከማረፉ በፊት የቫዮላውን ቢ ናቹራል አደረግኩት (ፍላቷን አነሳሁለት)፣ ከታች ወደ ላይ ጂ-ቢ-ኢ ወደ ኤፍ-ሲ-ኤፍ፣ ጥርቅም አለ። (የናቹራሏን ምልክት ከኖታው በላይ በትንሹ ጻፏት፣ የአሬንጀሩ ጭማሪ መሆኗ ይታወቅ።)