ውሃ የማይፈጅ ያማረ ግቢ በመሃል አዲስ አበባ

አዲስ አበባ ውስጥ እሬትና የጥብስ ቅጠል ተክሎ በጥር ያደረቀ ሰው ብዙ አይደለም። የሚበዛው በነሐሴ አበስብሶ የጣለው ነው። ከተማዋ በዓመት 1,100 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው በክረምቱ ወራት ይወርድና ከጥቅምት እስከ ጥር ጠብ የሚል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ውሃ ቆጣቢ ግቢ ሲታሰብ ቀድሞ የሚፈታው ጥያቄ የክረምቱ ውሃ በየት ይውጣ የሚለው ነው። የበጋው ከዚያ በኋላ ይቀላል።

ከሣሩ እንጀምር። መሃሉን ሣር፣ ዳር ዳሩን አበባ የማድረግ ልማድ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አያዋጣም። ሣር በበጋ አረንጓዴ ሆኖ እንዲቆይ በካሬ ሜትር በቀን ከ3 እስከ 4 ሊትር ይጠጣል። 20 ካሬ ሜትር ሣር ማለት በየቀኑ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሦስት አራት ማለት ነው። ልጆች የሚንከባለሉበት 4 ካሬ ሜትር ካስፈለገ እሱን ብቻ አስቀሩ፤ ሌላውን መንገድና መደብ አድርጉት። መንገዱ ኮብልስቶን ከሆነ በድንጋዮቹ መሃል አሸዋ እንጂ ሲሚንቶ አይግባ። በአሸዋው ዝናቡ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ በሲሚንቶ ከተደፈነ ጎርፉ በር ላይ ይተኛል፣ አለዚያም ጎረቤት ግቢ ገብቶ ጠብ ያመጣል።

ዶማ ከማንሳታችሁ በፊት ፀሐይዋን ተከታተሉ። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ በግቢው ደቡብ በኩል ያለ 2.5 ሜትር አጥር ወደ ውስጥ 1.6 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። እዚያ ጥላ ውስጥ አፈሩ ቶሎ አይደርቅም፤ ዳማከሴ፣ ሰላጣና ጎመን የሚመቻቸው እሱ ነው፤ በተለይ ቧንቧው ቅርብ ከሆነ። ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረ ግድግዳ ሥር ደግሞ በጋውን ሙሉ ሲጠበስ ይውላል። እሱን ለእሬትና ለቡጋንቪላ ተዉት።

አሁን አፈሩ። ከእንጦጦ ግርጌ ቀይ፣ ወደ ቦሌ ሲወረድ ጥቁርና የሚሰነጠቅ ነው፤ መሃል ከተማ ግን ከሁለቱም ጋር የብሎኬት ፍርፋሪና የተደለደለ ሙሌት ይገኛል። ጥልቀቱም ስፋቱም 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ውሃ ሙሉት፣ ሲሰርግ ድጋሚ ሙሉት። ሁለተኛው ውሃ እስኪነጋ ካልጠፋ፣ ደረቅ ወዳድ ተክል በቀጥታ መሬቱ ላይ አይተከልም፤ 25 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ያስፈልጋል። ዙሪያውን በድንጋይ ወይም በብሎኬት ደግፉት፤ ታችኛውን ረድፍ ስትደረድሩ በየአንድ ሜትሩ የሁለት ጣት ክፍተት ተዉ። ያቺ ክፍተት ከተረሳች መደቡ በሐምሌ ገንዳ ይሆናል።

ለ2 በ3 ሜትር መደብ 1,500 ሊትር ያህል ሙሌት ይገባል፦ በ20 ሊትር ባልዲ 45 የግቢው አፈር፣ 15 በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ወይም የከረመ ፍግ፣ 15 ደግሞ ሬድ አሽ፣ ማለትም ለመንገድ ድልዳሎ የሚመጣው ቀዩ ጠጠር። ዱቄቱን በወንፊት አራግፉና የአተርና የባቄላ መጠን ያለውን ተጠቀሙ። ጥቁር አፈር ላይ ጥቂት አሸዋ ብቻ ጨምሮ መተው የተለመደ ስህተት ነው፤ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል። ትኩስ ፍግም ሥር ያቃጥላል።

ተክል ሲመረጥ ከአምስት ስድስት ዓይነት ባታልፉ ይሻላል። ከየችግኝ ጣቢያው አንድ አንድ የተለቀመ ሃያ ዓይነት ተክል የችግኝ መሸጫ እንጂ ግቢ አይመስልም። ለዚያው 6 ካሬ ሜትር መደብ፣ ከኋላ ግድግዳውን ይዛ የምትወጣ አንዲት ቡጋንቪላ፤ መሃል ላይ በ70 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሦስት የጥብስ ቅጠል፣ ከአጠገባቸው ብርማ ቅጠሉ እንዲያደምቃቸው ሁለት አሪቲ፤ ከፊት በ45 ሴንቲ ሜትር ርቀት አምስት እሬት፤ ጠርዙ ላይ ጦስኝ። ክፍት በቀረው ቦታ በሰኔ የአደይ አበባ ዘር በትኑ፤ የክረምቱ ዝናብ ብቻ ለመስከረም ያደርሰዋል። ቁልቋል ያምራል፣ ነገር ግን ነጭ ፈሳሹ ዓይን ይጎዳልና ልጅ ካለበት ቤት ይቅር። ቡጋንቪላ ላይ ፍግና ውሃ ማብዛት ቅጠል እንጂ አበባ አያመጣም።

የአተካከል ጊዜውም ይለያያል። ቡጋንቪላና አሪቲ በሐምሌ መጀመሪያ ይተከሉ፤ በጋ ሳይገባ ሥር ይሰዳሉ። እሬትና የጥብስ ቅጠል ዝናቡ እስኪቀንስ፣ እስከ መስከረም አጋማሽ ይቆዩ። ከእናቱ የተገነጠለ እሬት ቁስሉ እስኪደርቅ አራት አምስት ቀን ጥላ ላይ ይቀመጥ፤ በእርጥቡ ከተተከለ ከታች ይበሰብሳል።

ለሰላጣና ለጎመኑ ከሁሉ የሚሻለው የተቀበረ ገንቦ ነው። ከ5 እስከ 8 ሊትር የሚይዝ፣ ያልተሟሸና ቀለም ያልነካው ግዙ፤ ቀጨኔ ያሉ ሸክላ ሠሪዎች ጋ ስትሄዱ ቀድማችሁ «ያልተሟሸ» በሉ። የተሟሸ ገንቦ ቀዳዳው ስለተደፈነ ውሃ አያወጣም። ቤት ስትደርሱ ሙሉትና ጠብቁ። ከሰዓታት በኋላ ሆዱ ላይ በእጅ ሲዳሰስ የሚታወቅ ላብ ካወጣ ደህና ነው፤ ጠብታ እየሆነ ከወረደ ተሰንጥቋል። እስከ አንገቱ ቅበሩት፣ ዙሪያውን በእግር ሳይሆን በእጅ ጠቅጠቁ፣ አፉን በጠፍጣፋ ድንጋይ ክደኑ፤ አለዚያ ትንኝ ይራባበታል። ከአንገቱ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ የተተከለ ሁሉ ከእሱ ይጠጣል። በየሦስት አራት ቀኑ እዩትና ሳይነጥፍ ሙሉት። መጠጣቱን ካቆመ በጨው ተደፍኗልና አውጥታችሁ በብሩሽ ፈትጉት። ዛፍ አጠገቡ አትትከሉ፤ ሥሩ ገንቦውን ይሰብረዋል።

የጣሪያ ውሃ ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 1 ሊትር ይሆናል። 20 ካሬ ሜትር የሰርቪስ ቤት ጣሪያ 60 ሚሊ ሜትር ሲዘንብበት፣ የባከነው ተቀንሶ 1,000 ሊትር ሮቶ ይሞላል። አሸንዳው ወደ ሮቶው በጥቂቱ ያዘንብል፣ መግቢያው ላይ ወንፊት ይኑር፣ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ወደ ውጭ ይፍሰስ። ሮቶውን የመጨረሻው ዝናብ ላይ ሞልታችሁ ዝጉት፤ ከዚያ በፊት ያለው መለማመጃ ነው። የአትክልት እጣቢ ያለ ስጋት ይፈስሳል፤ የልብስ የመጨረሻው መለቅለቂያም ለቡጋንቪላ ይሆናል። በረኪና ያለበት ግን አይሞከር፤ ዱቄት ሳሙና ያለበትም ሲደጋገም ጥቁር አፈርን ያደድራል።

በመጀመሪያው በጋ ለቡጋንቪላ፣ ለአሪቲና ለጥብስ ቅጠል ለእያንዳንዱ ተክል በየሳምንቱ 5 ሊትር አንድ ጊዜ በዝግታ ስጡ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መርጨት ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀረዋል። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት አንዴ ይበቃቸዋል። እሬት በወር አንድ ሁለት ሊትር፣ በክረምት ምንም። ከማጠጣታችሁ በፊት ጣታችሁን 5 ሴንቲ ሜትር አስገቡ፤ እርጥበት ከተሰማ ተዉት። የእሬት ቅጠል ወደ ቀይ ሲያደላ በጥማትም በፀሐይም በብርድም ነው፣ አያስፈራም፤ ከታች ጀምሮ ቢጫ ሆኖ ከላላ ግን ውሃ በዝቶበታል።

መደቡን በመጨረሻ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ሬድ አሽ አልብሱት፤ ከግንዱ አራት ጣት ይራቅ። አረም ይከለክላል ብላችሁ ከሥሩ ላስቲክ እንዳታነጥፉ። ከላይ ያለውን ዝናብ ያግዳል፣ ከታች ያለውን እርጥበት ያፍናል፣ በሁለት ዓመት ጠጠሩ ላይ አቧራ ሲከማች አረሙ እዚያው ላስቲኩ ላይ ይበቅላል።