ፓራፋንጎ የሌለው አሮጌ ትራክተር ከመግዛታችሁ በፊት

ሰንዳፋ መውጫ ላይ አንድ አሮጌ ማሲ ፈርጉሰን 135 ትራክተር ለሽያጭ ቆሞ አየሁ። ሞተሩ በአንዴ ተነሳ። ጎማው ደህና ነው። የኋላ ፓራፋንጎ፣ ማለትም ጎማውን የሚከልለው ብረት፣ ግን በሁለቱም በኩል የለም። ባለቤቱን «ጋሼ፣ ፓራፋንጎው የት ሄደ?» ስላቸው ሳቅ አሉና «ጭቃ ከመያዝ ሌላ ምን ይሠራል ብለህ ነው፣ ልጄ?» አሉኝ። ዋጋ እንዳላወርድባቸው ነው መሰለኝ፣ «ድሮ እኮ ከፋብሪካም ያለ እሱ ነበር የሚመጣው» ብለው ጨመሩበት።

ግማሹ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 መመረት የጀመረው ፎርድሰን የተባለ ትራክተር መጀመሪያ ላይ ያለ ፓራፋንጎ ነበር የሚሸጠው። በዚያ ዘመን ትራክተር ማለት ሞተር፣ ማርሽና የብረት ጎማ ነው፤ ሌላው ሁሉ ተጨማሪ ዋጋ የሚጠየቅበት ነገር ነበር። በኋላ ለፎርድሰን የመጣለት ፓራፋንጎ ግን ጭራው ወደ ኋላ ረዘም ያለ ነው። ትራክተሩ አፍንጫውን አንስቶ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ሲል መሬት ነክቶ እንዲያስቆመው ጭምር የታሰበ ነው። እና «ጭቃ መያዣ» ብቻ አልነበረም።

ከዚያ አሜሪካ ውስጥ በቆሎና ጥጥ በመስመር የሚዘራበት እርሻ ሌላ ምክንያት አመጣ። እ.ኤ.አ. በ1924 ለእንዲህ ዓይነት እርሻ የተሠራው ፋርሞል ትራክተር ወጣ፣ በ1930ዎቹ ደግሞ የኋላ ጎማቸውን በአክስሉ ላይ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ የሚያንሸራትቱ ትራክተሮች ተለመዱ። ጎማውን እንደ ሰብሉ መስመር ስታጠቡትና ስታሰፉት ፓራፋንጎው መንገድ ይዘጋል። የበቆሎ መልቀሚያ ማሽን ትራክተሩ ላይ ሲጫንማ ፓራፋንጎው የግድ መፈታት አለበት። አንዴ ከተፈታ ደግሞ ማን መልሶ ይገጥመዋል? ግድግዳ ተደግፎ ዝጎ ይቀራል።

እኛ ጋ ግን ስንዴውም ጤፉም በአብዛኛው በእጅ ተበትኖ ነው የሚዘራው። ስለዚህ የእነሱ ምክንያት ለእኛ አይሠራም። የእኛው ምክንያት ኮትቻ፣ ዝናብ ሲመታው የሚጣበቀው ጥቁር አፈር ነው። ሐምሌ ላይ ጥቁሩ አፈር በጎማውና በፓራፋንጎው መሃል እየተጠቀጠቀ ይገባና ልክ እንደ ፍሬን ይይዘዋል፤ ሹፌሩ ወርዶ በዱላ ሲጎረጉር ይውላል፣ በሦስተኛው ቀን ቁልፍ አንስቶ ይፈታዋል። አልፈርድበትም። መፍትሔው ግን መፍታት አይደለም።

ለምን እንደሆነ ቁጥሩን እዩት። ጎማው ቁመቱ 1.3 ሜትር ገደማ ነው እንበል፣ ትራክተሩ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያርሳል፣ ማለትም በሰው እርምጃ ነው። ጎማው ወደ ፊት ሲዞር አናቱ ወደ ፊት ሄዶ ወደ ታች ይወርዳል። ጠዋት በሰንዳፋ ብርድ ሹፌሩ ጋቢ ደርቧል፤ የጋቢው ጫፍ የጎማውን ጥርስ ከነካ፣ ከአናቱ መሬት ድረስ አንድ ሰከንድ ተኩል ብቻ ነው። የሚጥለውም ከኋላ አይደለም፣ ከጎማው ፊት ለፊት ነው። ፍሪሲዮን ለመርገጥ እንኳ ጊዜ የለም።

ስለዚህ ስትገዙ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ፓራፋንጎው የሚታሰርበትን የአክስል ቤት ቀዳዳ እዩ። ቀዳዳው ውስጥ ያለው የቡሎን ጥርስ ንጹሕ ከሆነ ሰው ፈትቶት ነው። ቡሎኑ ተቆርጦ ውስጥ ከቀረ ወይም ቀዳዳው አካባቢ ስንጥቅ ካለ ግን ተገልብጦ ወይም ተጋጭቶ ሊሆን ስለሚችል መሪውንና የመቀመጫውን እግር በደንብ ፈትሹ። ቀጥሎ ቸርኬው ወደ ውጭ ተገልብጦ መታሰር አለመታሰሩን እዩ፣ የፓራፋንጎው ስፋት የሚወሰነው በዚያ ነው።

ኦሪጅናሉ ከጠፋ ምናለሽ ተራ ዞር ዞር በሉ፣ ካልሆነ በላሜራ ይሠራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እንደ መኪና ከላይ የምትሸፍን ቅስት ብቻ ማሠራቱ ነው። ዋናው በሹፌሩና በጎማው መሃል የሚቆመው የጎን ግድግዳ ነው። ቅስቷ ጭቃ ትከለክላለች፣ ግድግዳው ሰው ያተርፋል። ጠርዙን አሳጥፉት፣ አለበለዚያ እጅ ይቆርጣል።

ብየዳ ሠራተኛው «እዚሁ አክስሉ ላይ ልበይደው» ካላችሁ እሺ አትበሉ። ሙቀቱ የዘይት ማኅተሙን ያቃጥላል፣ የአክስል ቤቱንም ሊሰነጥቅ ይችላል። መያዣውን ለብቻው ይበይድ፣ እናንተ በቡሎንና በሮንዴላ እሰሩት። ትራክተሩ ላይ የግድ የሚበየድ ነገር ካለ ባትሪውን ቀድማችሁ ንቀሉ።

ለኮትቻውስ? መያዣው ላይ ሁለት ረድፍ ቀዳዳ አስበሱ። በበጋ ዝቅ፣ በክረምት ከፍ ታደርጉታላችሁ። በጋ ላይ ከጎማው አናት አንድ ጭብጥ የሚያስገባ ክፍተት ይበቃል፣ ለክረምት ሁለት ጭብጥ። ከዚያ ትራክተሩን በክሪክ አንሱ፣ የቀሩትን ጎማዎች በድንጋይ ያዙ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጉና ጎማውን በእጅ ሙሉ ዙር አዙሩት። የትም መንካት የለበትም። የኋላ መብራትም እዚያው ላይ እሰሩ፣ ማታ አስፋልት ላይ ያለ መብራት የሚሄድ ትራክተር ከሩቅ አይታይም። ረዳት እንዲቀመጥበት ግን አትፍቀዱ፣ ወንበር አይደለም።

የሰንዳፋውን ገዛሁት። አንደኛው ፓራፋንጎ እዚያው ግቢ ዶሮ ቤቱ ላይ ጣሪያ ሆኖ ተገኘ፣ ሁለተኛውን በላሜራ አሠራሁ። ጋሼ ዋጋ የቀነሱልኝ ለዶሮዎቹ ሁለት ቆርቆሮ እንዳመጣ ተስማምተን ነው። ቆርቆሮው እስካሁን ዕዳዬ ነው።