ልጅ በአእምሮ ሕክምና ክፍል ሲተኛ ወላጆች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው የምንኖር ኢትዮጵያውያን ወላጆች የልጆችን የአእምሮ ሕክምና ክፍል የምናውቀው፣ ብዙውን ጊዜ፣ ልጃችን በሌሊት ድንገተኛ ክፍል ከገባና አልጋ እስኪገኝለት ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት፣ መጠበቅ ከጀመርን በኋላ ነው። በዚያ ድንጋጤ ውስጥ የሚፈጸሙት ስህተቶች አብዛኞቹ ከፍቅር የሚመነጩ ቢሆኑም ጉዳታቸው ቀላል አይደለም። ከሁሉም በፊት መታወቅ ያለበት፣ ልጁ የሚተኛበት ክፍል ሕመሙ ከሥሩ የሚነቀልበት ሳይሆን ለሕይወቱ የሚያሰጉትን ቀናት የሚያልፍበት ቦታ መሆኑ ነው። ቆይታው ብዙ ጊዜ ከሳምንት እምብዛም አይዘልም፤ ዋናው ሕክምና የሚቀጥለው ከወጣ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት የሚፈጸመው ገና ሆስፒታል ሳይደረስ ነው። መኖር ሰለቸኝ የሚልን ልጅ “ራስህን ለማጥፋት አስበሃል ወይ?” ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ለብዙዎቻችን ሟርት ይመስለናል፤ ያላሰበውን እናሳስበዋለን ብለንም እንፈራለን። ጥናቶች የሚያሳዩት ግን መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይፈጥር ነው። መልሱ “አዎ” ከሆነ ልጁን ብቻውን ሳይተዉ ከጁላይ 2022 ጀምሮ በመላ አሜሪካ ወደሚሠራው፣ ራስን ማጥፋት ላሰቡና በጭንቀት ላሉ እርዳታ ወደሚሰጠው የ988 የስልክ መስመር መደወል፣ አደጋው የቀረበ ከሆነ ደግሞ ወደ 911 መደወል ወይም በቅርብ ወዳለ ድንገተኛ ክፍል መውሰድ ይገባል።

ሁለተኛው ስህተት በእኔ አስተያየት ከሁሉም የሚያሳዝነው ነው፤ የታመመውን ልጅ ራሱን ወይም ታናሽ እኅቱን አስተርጓሚ ማድረግ። አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ለምን መሞት እንደፈለገች ለእናቷ በአማርኛ እንድትተረጉም ስትጠየቅ የምትመርጠው ቃል እናቷን የማያስለቅሰውን ነው፤ ሐኪሙም የሚሰማው የተለሳለሰውን ብቻ ይሆናል። የፌደራል ሕግ ሆስፒታሎች ብቁ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፣ ሌላ አማራጭ ከጠፋበት አስቸኳይ ሁኔታ በቀር ለአካለ መጠን ባልደረሰ ልጅ አስተርጓሚነት መጠቀምንም ይከለክላል። ብዙ ወላጆች “አያስፈልገኝም፣ እንግሊዝኛ እሰማለሁ” የሚሉት ግን ሕጉን ስለማያውቁ ብቻ አይደለም፤ የሚመጣው አስተርጓሚ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም ከአንድ ዕድር ቢሆን ገመናችን ይወጣል ብለው ስለሚሰጉ ነው። ስጋታቸው የሚገባ ነው። አስተርጓሚ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ከመሆኑም ሌላ፣ ሌላ ከተማ ሆኖ በስልክ የሚያስተረጉም ሰው እንዲመደብ መጠየቅ ይቻላል።

ቀጥሎ የሚመጣው የክፍሉን ሥርዓት እንደ እስር ቤት መቁጠር ነው። ሀገር ቤት ታማሚ ያለ አስታማሚ አይተኛም፤ እናት አጥሚት ይዛ ገብታ አልጋው ሥር ታድራለች። እዚህ ግን የልጁ የጫማ ማሰሪያ፣ ቀበቶና ስልክ ይወሰዳል፣ ወላጅ በጉብኝት ሰዓት ብቻ ይገባል፣ ከቤት የመጣው ምግብም በር ላይ ሊመለስ ይችላል። ክልከላው ሁሉ ልጁ ራሱን እንዳይጎዳ የተደረገ ነው፤ ስለዚህ ከነርሷ ጋር ስለ ጫማ ማሰሪያ ከመከራከር ይልቅ ሊጠየቁ የሚገባቸውን መጠየቅ ይሻላል። ለምሳሌ ልጁ ለብቻው ክፍል ተዘግቶበት ወይም ታስሮ እንደነበር መጠየቅ የወላጅ መብት ነው። በፌደራል ደንብ ልጅን ለብቻው ለመዝጋት ወይም ለማሰር የሚሰጥ ትእዛዝ ከ9 እስከ 17 ዓመት ላሉት ከ2 ሰዓት፣ ከ9 ዓመት በታች ላሉት ከ1 ሰዓት አይበልጥም፤ ሰዓቱ ካለፈም በአዲስ ትእዛዝ መታደስ አለበት። ሐኪሙ ልጁን ለብቻው ሲያነጋግር፣ ወይም በቨርጂኒያ እንደሚደረገው ዕድሜው 14 የሞላ ልጅ የራሱን ፈቃድ ሲጠየቅ፣ እንደተናቁ ማሰብም አያስፈልግም።

በጉብኝት ሰዓት “ምን ጎደለብህ? እኛ ስንቱን አልፈን ነው ያሳደግንህ” ማለት ልጁ ቀድሞውንም የተሸከመውን ጥፋተኛነት ይጨምርበታል። “ነገ አስወጣሃለሁ” የሚለው ቃልም ያንኑ ያህል ይጎዳል፤ ካልተፈጸመ ልጁ በወላጁም በሕክምናውም ላይ ያለውን እምነት ያጣል።

ስለ መድኃኒት የሚፈጸሙት ስህተቶች ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ2004 የድብርት መድኃኒቶች መግለጫ ላይ፣ በልጆች ዘንድ ራስን የማጥፋት ሐሳብን ሊጨምሩ ይችላሉ የሚል፣ በጥቁር ሳጥን የተከበበ ማስጠንቀቂያ እንዲሰፍር አዟል፤ ይህን ያነበበ ወላጅ ደንግጦ ኪኒኑን ቢያስቆም አይፈረድበትም። ነገር ግን ማስጠንቀቂያው የተመሠረተባቸው 24 ጥናቶች ያሳዩት፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ወይም ሙከራ መድኃኒቱን ከወሰዱት መካከል በ4 በመቶ፣ መድኃኒት የሌለበት የማስመሰያ ኪኒን ከወሰዱት መካከል በ2 በመቶ መታየቱን ነው፤ በጥናቶቹ ውስጥ ራሱን ያጠፋ ልጅ አልነበረም። ማስጠንቀቂያው የሚለው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጁን በቅርብ ተከታተሉት ነው እንጂ አትስጡት አይደለም። ለውጡ እስኪታይም ሳምንታት ይፈጃል፤ “ሳምንት ሙሉ ወስዶ ምንም አልተሻለው” ብሎ ማቋረጥ ከዚህ የተነሳ ስህተት ነው።

ስለ ጾም ደግሞ ሐኪሙ አይጠይቅም፣ እኛም አንነግረውም። ለባይፖላር ድብርትና ለስኪዞፍሬንያ የሚታዘዘው ሉራሲዶን የተባለው መድኃኒት ቢያንስ 350 ካሎሪ ካለው ምግብ ጋር ካልተወሰደ በሚገባ አይሠራም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ልጅ ጠዋት በባዶ ሆዱ ቢውጠው ጥቅሙ ይቀንሳል። ለባይፖላር ሕመም የሚታዘዘውን ሊትየም የሚወስድ ልጅ ውኃ ሳይጠጣ ከዋለ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ተከማችቶ ሊመርዘው ይችላል፤ ይህም በረመዳን ለሚጾሙ ቤተሰቦች ይበልጥ ይመለከታል። ጸበሉን ሐኪሙ ሊነቅፍብን ይችላል ብሎ መደበቅም አይጠቅምም። ጸበልና ኪኒን አብረው ይሄዳሉ፤ ጉዳት የሚመጣው ለጸበሉ ሲባል ኪኒኑ ሲተው ነው።

ልጁ ከመመለሱ በፊት ቤቱን አለማዘጋጀት ሌላው ስህተት ነው። ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ራስን የማጥፋት አደጋ ከፍ የሚልባቸው ናቸው። የጦር መሣሪያ ካለ ከቤት ማስወጣት ወይም መቆለፍ ያስፈልጋል፤ መድኃኒትም እንዲሁ፤ የልጁ ብቻ ሳይሆን የአባትየው የደም ግፊት ኪኒንና በየመሳቢያው የሚገኘው ታይለኖል ጭምር ይቆለፍ፤ ታይለኖል በብዛት ከተወሰደ ጉበትን ያጠፋል። የክትትል ቀጠሮው በ7 ቀን ውስጥ እንዲሆን ሳይወጡ ማስያዝ ይገባል፤ የሆስፒታሉ ክፍል ልጁ ቀን እየታከመ ማታ ቤቱ የሚገባበት ፕሮግራም ቢመክር “ወጥቷል እኮ” ብሎ አለመቀበል አይበጅም።

አንዳንድ ቤተሰብ ልጁን “አየር ይቀይር” ብሎ ወዲያው ወደ ሀገር ቤት ይልካል። የአያት ቤት ፍቅር መድኃኒት መሆኑን የሚክድ የለም፤ ነገር ግን በኢትዮጵያ የልጆች የአእምሮ ሐኪሞች እጅግ ጥቂት ናቸው፣ የጀመረው መድኃኒት በዚያ ላይገኝ ይችላል፣ የሚያውቀው ቴራፒስትም በሩቅ ይቀራል። ጉዞው ሐኪሙ ተስማምቶበት፣ ልጁ ለወራት ከተረጋጋ በኋላ ቢሆን ይመረጣል።

ትምህርት ቤቱን “ጉንፋን ይዞት ነበር” ብሎ ማለፍም ልጁን መብቱን ያሳጣዋል። በ1973 የወጣው የአሜሪካ የተሐድሶ ሕግ (Rehabilitation Act) አንቀጽ 504 የአእምሮ ሕመም ላለበት ተማሪ እንደ ተጨማሪ የፈተና ጊዜ ወይም ሲጨንቀው ከክፍል ወጥቶ አማካሪ ዘንድ የመሄድ ፈቃድ ያሉ ማስተካከያዎች እንዲደረጉ ያስችላል። ለዚህ ሁሉም መምህር የሕመሙን ዝርዝር ማወቅ አያስፈልገውም፤ ጉዳዩን ለትምህርት ቤቱ አማካሪ በጽሑፍ ማቅረብ በቂ ነው።