የድረ ገጽ ስም ከመግዛታችሁ በፊት በስልክ ሞክሩት

ደብረ ብርሃን ላይ ሥራ ጀምራችሁ ድረ ገጽ ልታሠሩ ነው? ዶሜይኑን፣ ማለትም የድረ ገጹን አድራሻ ስም፣ ከመግዛታችሁ በፊት ሸዋ ሮቢት ወይም መሐል ሜዳ ላለ ዘመድ ደውሉ። ስሙን አንዴ ብቻ ንገሩት። ከዚያ «በል በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈህ በቴሌግራም ላክልኝ» በሉት። እሱ ከተሳሳተ ደንበኛም ይሳሳታል።

የእኛን ስሞች የሚያስቸግራቸው ይሄ ነው። «ብርሃን»ን አንዱ ከ«ቢ» ቀጥሎ በ«አይ» ይጽፈዋል፣ ሌላው በ«ኢ»። «ቀ» ለግማሹ «ኪው» ነው፣ ለግማሹ «ኬ»። «ጓሳ» እንኳ በአንድ «ኤስ»ም በሁለትም ይጻፋል። ስለዚህ አንድ አጻጻፍ ብቻ ያለው ቃል ፈልጉ። የመንዝ ባና የምትሸጡ ከሆነ «ባና» በእንግሊዝኛ አራት ፊደል ናት፣ ማንም አይስታትም። ብቻዋን ከተያዘች «መንዝ»ን ከፊቷ ጨምሩ። የግድ «ብርሃን» ካላችሁ ግን ሁለቱንም አጻጻፍ ግዙና አንዱን የጻፈ ሰው ወደ ሌላው እንዲደርስ አዙሩት። ወጪው ትንሽ ይጨምራል፤ ለእኔ ግን ያዋጣል።

ሰረዝና ቁጥር ይቅርባችሁ፣ በአፍ ሲነገሩ ያምታታሉ። ዶሜይን እስከ 63 ፊደል ይፈቅዳል፣ እናንተ ግን ከ12 ባታልፉ ጥሩ ነው። መጨረሻው «ዶት ኮም» ቢሆን እመርጣለሁ፣ ሰው ሳያስበው የሚጽፈው እሱን ነውና።

ደግሞ አደራ፣ ዶሜይኑ በሠሪው ሳይሆን በራሳችሁ ስምና ኢሜይል ይመዝገብ። በየጊዜው ይታደሳል፤ የማደሻ ማስታወቂያው ለእናንተ መምጣት አለበት።